የድርሻ ቀመር

ረቡዕ ማታ ነው፤ ከሆኪ ሜዳው ጎን ባለው አዳራሽ
ሦስት ከንቲባ፣ አንድ መሐንዲስ፣ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንድ ድንች አራሽ፤
እኔም ከኋላ ወንበር፣ የውሃ ማጣሪያው የሌሊት ተረኛ፣
ቦት ጫማዬ ላይ ጭቃ፣ እጄ ላይ የክሎሪን ሽታ፣ የማይተኛ።

ማጣሪያው አርጅቷል። ማስፋፊያው ሠላሳ አንድ ሚሊዮን ዶላር፤
መሐንዲሱ ዜሮዎቹን ሲደረድር ጠመኔው ሊያልቅ ነበር።
ከሦስት አንዱን አልበርታ፣ ከሦስት አንዱን ኦታዋ ሊችሉ፤
የቀረው ሲሶ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ዙሪያውን ከበው ያያሉ፣
እንደ ቅርጫ ሥጋ፣ መደብ መደቡ ተለይቶ፤
ብቻ እዚህ ሁሉም «ትንሹ ይድረሰኝ» ይላል፣ ከትልቁ ዐይኑን አሽሽቶ።

«በራስ ይቆጠር» አሉ ወይዘሮ ግሌንዳ ፍሪሰን ከኮልቤክ፤
«የሚጠጣው ሰው ነው፤ በሰው ይሁን የክፍያው ልክ።»
የላርክሙሩ ራንዳል ሆፍ ሳቁ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፦
«ድንች ጠባሹ ፋብሪካችሁ ራስ የለውም፤ አፍ ብቻ ነው።
በቆጣሪ ይሁን፤ ቆጣሪ ዘመድ የለው፣ ወገን የለው።»

ድንች አራሹ ቪለምስ «የራሴ ጉድጓድ አለኝ፤ ለምን ልክፈል?» አለ፣
ባለፈው ነሐሴ ሲነጥፍበት ከእኛ በቦቴ ሲያመላልስ እንዳልዋለ።
ማንም አላነሣበትም፤ መንገዱ ላይ በረዶ ሲከመር
የሚጠርግልን ትራክተር የእሱ ነበር።

ከዚያ ሁለቱ ከንቲቦች ተስማሙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ምሽት፦
«ርቀትም ይታሰብ» ብለው የዶርሲን ሰው አዩት።

ዶርሲ ስልሳ አንድ ቤት ናት፤ በቧንቧው ጫፍ፣ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር፤
ከንቲባዋ ኤልመር ኒስትሮም፣ ቀን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፣
ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያዞራል፣ እንደ መሪ፤
ዝም ያለን ሰው የሚለካ አልተሠራም ቆጣሪ።

እኔ ግን አውቃለሁ። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲሆን
ዶርሲዎች ቧንቧው እንዳይደርቅ በበረዶ፣ ጠብ ጠብ ያደርጉታል ሌሊቱን።
ማንም አይጠጣው፣ ማንም አይታጠብበት፤ እንዲያው ይሄዳል፣
እስኪነጋ። ይህስ በየትኛው ዓምድ ይገባል?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ፤
ልል ተነሣሁና፣ በእንግሊዝኛ ስገለብጣቸው ሎሚዎቹ ኮመጠጡ።

በምትኩ፣ ጠዋት ከወንዙ የቀዳሁትን ጠርሙስ አወጣሁ፤
የቀለጠ በረዶና ጭቃ፣ ድፍርስ፤ ጠረጴዛው መሐል አኖርሁ።
ማንም ምንም አላለ። የሒሳብ ሠራተኛዋ
እንዳይረጥብባት ወረቀቷን ሳበች፣ በቀስታ፣ ወደ ጎኗ።

እነሱ ሲከራከሩ፣ ማንም ልብ ሳይለው፣
ጭቃው ወደ ታች ሰከነ፤ ከላይ አንድ ጣት ያህል ጠራ።
ስብሰባው ለሚያዝያ ተቀጠረ።
ኤልመር ብቻ ቀረ፣ ወንበር ሲያጣጥፍ ከእኔ ጋራ።

«ስንት ይደርሰናል?» አለኝ በሩ ላይ። «አላውቅም» አልኩት፤ እውነቴን ነው።
«መክፈሉስ ይከፈላል» አለ፤ «የጠየቀን የለም፤ እሱ ነው።»
ሞተሩን ሲያስነሣ ሦስቴ እምቢ አለው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ሁለተኛውን የአሸዋ ማጣሪያ አጥቤ፣
የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ፊት ተቀመጥሁ፣ ወንበሬን አቅርቤ።
ላርክሙር ጸጥ ብሏል።
ኮልቤክ፣ ፋብሪካው ፈረቃ እስኪቀይር፣ ተኝቷል።
የዶርሲ መስመር፦ በደቂቃ አርባ ሊትር።
ነቅቷል።